ተቀምጦ ስለ መጫወትና ስለ ሰውነት ክብደት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በቼዝ ክበብ አባላት ስም የተነገረ)



በዚህ የበዓል ቀን የስፖርት ክበብ ስለ ሩጫ፥ የእርሻ ክበብም ስለ አትክልት ቢናገር ማንም አይደነቅም። የቼዝ ክበብ ስለ ሰውነት ክብደት ልናገር ብሎ ሲነሣ ግን ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ እናያለን። ፈገግታችሁ ተገቢ ነው፤ ከወንበሩ ሳይነሣ ግማሽ ቀን የሚውል ሰው ቢፈለግ የቼዝ ተጫዋች ነውና። እኛም ርእሱን የመረጥነው ስለዚሁ ነው።

ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ሲሆን አባላቱ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። መምህራን አሉበት፤ ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጥተው ጨዋታው ይዞ ያስቀራቸው አባቶችም አሉበት። እነዚህ ታላላቆቻችን በትዕግሥት ይበልጡናል፤ ብዙ ጊዜም ያሸንፉናል። ነገር ግን የሂሳብ መምህራችን በሦስተኛው ፎቅ ወዳለው ክፍላችን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆመው መተንፈስ ጀምረው ነበር። ከአባቶችም አንዱ፥ ሐኪማቸው «ስኳርዎ ከልክ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል፤ ክብደትዎን ይቀንሱ» እንዳላቸው በጨዋታ መካከል አጫወቱን። ሌላ ሰው ቢሆን በደበቀው፤ እርሳቸው ግን ፈረሳቸውን እያንቀሳቀሱ ተናገሩት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ከሰዓቱ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ልጃቸው ከእኛው ጋር የሚማር ስለ ሆነ ነገሩን እንደ ሌላ ሰው ወሬ ልናልፈው አልቻልንም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ባደረገው ምርመራ 1 ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ያህል ኪሎ ካሎሪ፥ 1 ግራም ፕሮቲንም እንደዚሁ 4፥ 1 ግራም ስብ ግን 9 ያህል ኪሎ ካሎሪ ለሰውነት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ሰውነት ከሚያጠፋው በላይ የገባለትን ኃይል አይጥለውም፤ ወደ ስብ ለውጦ ያስቀምጠዋል። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ያህል ኪሎ ካሎሪ እንደ ያዘ ይገመታል።

ይህን ካወቅን በኋላ የሂሳብ መምህራችን ራሳቸው ጠመኔ አንሥተው የሻይን ነገር በሰሌዳ ላይ አሰቡልን። አንድ ሰው በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ ቢጠጣ፥ በየብርጭቆውም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር፥ በቀን አሥራ አምስት ማንኪያ ይሆናል። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን ድምሩ 60 ግራም፥ በኃይል ሲሰላ 240 ኪሎ ካሎሪ ነው። በወር 7,200 ይደርሳል፤ ማለት አንድ ኪሎ ስብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው! መምህራችን ይህን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ጠመኔውን አስቀምጠው በጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን ብርጭቆ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 (ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባወጣው ምክር፥ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፥ ቢቻልም ወደ ግማሹ ዝቅ እንዲል አሳስቧል፤ ይህም ዝቅተኛው ልክ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው።

ዘይትም እንዲሁ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ያን ለማቃጠል 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ መራመድ ይኖርበታል። ስለዚህ በእግር ብቻ ለማሸነፍ የሚነሣ ሰው ድካሙ ብዙ፥ ፍሬው ትንሽ ይሆንበታል። በመብል የሚገባውን ሳይቀንሱ በእግር ብቻ ማሳደድ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

በዚህ ጊዜ ከአባላቱ አንዱ ክርክር አነሣ። «ቼዝ ራሱ ያከሳል፤ ካርፖቭን አታስታውሱምን?» አለ። ነገሩ መሠረት አለው። በ1984 መስከረም ወር በሞስኮ የተጀመረው የአናቶሊ ካርፖቭና የጋሪ ካስፓሮቭ ግጥሚያ አምስት ወር ፈጅቶ ከ48 ጨዋታ በኋላ በየካቲት 1985 ያለ አሸናፊ ሲቋረጥ፥ ካርፖቭ 10 ኪሎ ያህል ቀንሶ ነበር ይባላል። ነገር ግን አንጎል ሰውነት በዕረፍት ሳለ ከሚያጠፋው ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል የሚወስድ ቢሆንም፥ አጥብቆ በማሰብ የሚጨመረው እጅግ ጥቂት ነው። ለአምስት ወር በጭንቀት የኖረ ሰው መክሳቱ የጤና ምልክት ሊባል አይችልም። ይልቁንስ ልንከተለው የሚገባን የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ሚካኢል ቦትቪኒክን ነው፤ እርሱ ሰውነትን ማሠልጠን የጨዋታው ዝግጅት አንድ ክፍል አድርጎት ነበር። ክርክሩ በዚህ ቆመ፤ ተከራካሪው ግን እስከ ዛሬ አልተረታም ይላል።

ከወንበር ላይ አለመነሣት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ለሚፈልግ፥ በለንደን በጄሪ ሞሪስና በጓደኞቹ ተደርጎ በ1953 የታተመው ጥናት ይበቃዋል። ባለ ሁለት ፎቅ በሆኑት አውቶቡሶች ላይ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ በአንድ መኪና የሚሠሩ ሰዎች ሲሆኑ የልብ ሕመም ግን ሾፌሮቹን አብልጦ ያጠቃ ነበር። እኛ የአበበ ቢቂላ አገር ልጆች ነን እያልን እንኮራለን፤ ይሁን እንጂ በ1960 በሮም የተሮጠው ሩጫ የእርሱ እንጂ የእኛ እግር ሥራ አይደለም።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። ሐሳቡ የመጣው ሰው ብቻውን ሲጀምር ቶሎ እንደሚተው ስላየን ነው። ቼዝ ተጫዋች ደግሞ ለጤናው ብለህ ብትነግረው ላይሰማህ ይችላል፤ «እገሌ ሊቀድምህ ነው» ብትለው ግን ያን ጊዜውን ይነሣል። አራት አራት ሰው ያላቸው ቡድኖች ሠራን፤ በየቡድኑ ሁለት ታላላቆችና ሁለት ተማሪዎች አሉ። ለአሥራ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ነበር። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም፤ ያሸነፈው ቡድን በወሰነ ትምህርቱ ሙሉ በመጀመሪያው ጨዋታ ነጩን ጠጠር የመያዝ መብት ያገኛል። ከቼዝ ውጭ ላለ ሰው ይህ ከንቱ ነገር ይመስለዋል፤ ተጫዋች ግን ዋጋውን ያውቃል።

ደንቡን ያወጣችልን የትምህርት ቤታችን ነርስ ናት፤ ሳታወጣልን ብንጀምር ኖሮ አንሰማችሁም ብላን ነበር። አንደኛ፥ የሚመዘኑት ትርፍ ክብደት ያላቸው ታላላቆች ብቻ ናቸው። ይህም የሚታወቀው ክብደትን በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው፤ ውጤቱ ከ25 ሲያልፍ ትርፍ፥ ከ30 ሲያልፍ ደግሞ ከባድ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 72 ኪሎ ሲያልፍ ወደ መጀመሪያው፥ 87 ኪሎ ሲደርስ ወደ ሁለተኛው ይገባል። እኛ ተማሪዎች ገና በማደግ ላይ ያለን ስለ ሆነ ከሚዛኑ ላይ አንወጣም፤ የሚያድግ ልጅ ምግብ አጉድሎ ቢወዳደር አጥንቱንና ደሙን ይጎዳልና። ሁለተኛ፥ በሳምንት ከ1 ኪሎ በላይ የቀነሰ ሰው ትርፉ አይቆጠርለትም። ይህ አንድ ደንብ ብቻ ስንት ሰው ከረኀብና ከራስ ማዞር እንዳዳነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ተጾሞ ቢዋል ነጥብ የማይገኝ ከሆነ የሚጾም የለምና። ሦስተኛ፥ ነጥቡ በኪሎ ሳይሆን በመቶኛ ይሰላል። 110 ኪሎ የነበረ ሰው 5 ኪሎ ቢቀንስ 4.5 በመቶ ነው፤ 80 ኪሎ የነበረው 4 ኪሎ ቢቀንስ 5 በመቶ ስለ ሆነ የሚቀድመው ሁለተኛው ነው።

ተማሪዎች ነጥብ የምናገኘው በእግር ጉዞ ነበር፤ ግን ብቻችንን ብንሄድ አይቆጠርም። ከቡድናችን ታላቅ ጋር ግማሽ ሰዓት መጓዝ አለብን፥ በሳምንትም ቢያንስ አምስት ጊዜ፤ ይህም የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ከሚመክረው 150 ደቂቃ ጋር የተስማማ ነው። ሂሳብ የሚፈሩ ሁለት ልጆች ከሂሳብ መምህር ጋር በአንድ ቡድን ተመድበው ዳገቱን ሲወጡ ምን ሲሉ እንደ ነበር ልትገምቱ ትችላላችሁ። መምህሩ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጥያቄ መጠየቅ ያቆማሉ፤ ልጆቹም ይህን ደርሰውበት ወደ ዳገት ዳገቱ ይመሯቸው ነበር። ትንፋሻቸው ሲሻሻል ግን ጥያቄው በዳገቱም ላይ ቀጠለ። ከሁለቱ ልጆች የአንዱ የሂሳብ ውጤት ከፍ አለ፤ የሁለተኛው እንደ ነበረ ነው።

የሚዛኑ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በተቀመጡ ልጆች ዘንድ አንድ አባላችን በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ተመዝኖ ሦስት ልዩ ልዩ ቁጥር ይዞ መጣ። ስለዚህ ሁላችንም በትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ሚዛን ብቻ፥ በአንድ ሰዓት፥ ከቁርስ በፊት እንዲሆን ተወሰነ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጋራዥ ያላቸው አባት ከወትሮው እጅግ ከብደው ስለ ተገኙ ነርሷ ኮታቸውን እንዲያወልቁ ለመነቻቸው፤ ከኪሳቸው ትልቅ የብረት መፍቻ ወጣ። «ረስቼው ነው» አሉ። እኛም አመንናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ኮት ለብሶ አልተመዘነም።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙዎቹ በፍጥነት ቀንሰው ደስታ ሆነ። አባቶቻችን በሚጫወቱት በጥንቱ ሰንጠረዥ መጀመሪያ «ወረራ» የሚባል አለ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ይሮጣሉ። የመጀመሪያውም ሳምንት እንደዚያ ነው፤ ከሰውነት የሚወጣው አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ቁጥሩ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ በተራ በተራ ነው። በአራተኛው ሳምንት ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲል ሁለት ሰዎች ሊተዉ ተነሥተው ነበር፤ የያዛቸው የነጩ ጠጠር ነገር ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ዳገቱም ስኳሩም አልነበረም፤ የሰው ፍቅር ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን የወፈረ ሰው የተመቸው፥ የከሳ ደግሞ የተቸገረ ወይም የታመመ ሆኖ ይታይ ነበር። ረኀብን ያየ አገር ሥጋ የያዘን ሰው ቢያደንቅ አይፈረድበትም። ስለዚህም የሂሳብ መምህራችን ባለቤት ከጎረቤት «ጋሼን ምን ነካብን? ሐኪም አይቷቸዋል ወይ?» እየተባሉ ተቸግረው፥ በመጨረሻ ድስታቸውን እንደሚጠሉ እንጂ እንደሚቀንሱ የሚያምን ሰው አጡ። በግብዣ ቤት ደግሞ «በሞቴ» አለ። በሞቴ የተባለ ሰው ምን ይመልስ? ስኳራቸው የሚያሠጋቸው አባት ያገኙት ዘዴ ይህ ነው፤ ጉርሻውን በደስታ ይቀበላሉ፥ እጃቸውንም ከትሪው አያርቁም፥ ነገር ግን በየጉርሻው መካከል ረዥም ወሬ ያወራሉ። ጋባዡ ሲበሉ ያያቸዋል፤ እርሳቸው ግን እምብዛም አልበሉም። በቤታቸው ደግሞ ከአንድ ትሪ ሲበላ ልኩ ስለማይታወቅ የራሳቸውን አንድ እንጀራ ለብቻ ተጠቅልሎ እንዲቀመጥላቸው አድርገዋል፤ ጎመኑና ምስሩ ሲበዛ እንጀራው ያንሳል።

ውድድሩ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለ ገጠመ አንዱ ቡድን ድሉን አስቀድሞ አውጆ ነበር። አልሆነለትም። ሥጋና ቅቤ ቢቀርም፥ ከሰዓት በኋላ ዘይት የጠገበ ሽሮና ዳቦ በእጥፍ ከተበላ ሚዛኑ ልዩነቱን አያውቅም። ጾም ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት ስለ ሆነ በኪሎ የሚለካ አይደለም፤ ይህንም የነገሩን የዚያው ቡድን አባላት ናቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት የሂሳብ መምህራችን ከ94 ኪሎ ወደ 88 ወርደው ተገኙ፤ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት አሁን አይቆሙም። መፍቻ የያዙት አባት የቀነሱት ጥቂት ነው፤ ሌላው አባላችን በዕረፍት ወር የቀነሰውን መልሶ አገኘው። ስኳራቸው ያሠጋቸው አባት 5 በመቶ ያህል ቀነሱ። ይህን ያህሉ ጥቂት የሚመስለው ቢኖር፥ በ2002 ውጤቱ የታተመውን የአሜሪካ ጥናት ይመልከት፤ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ሲሆን፥ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ ተሰጥቷቸው የተረዱት ሰዎች በሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በበሽታው የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት ግን በ31 በመቶ ነበር ያቃለለው። አባታችን ከሁለተኛው ምርመራ ሲመለሱ ለልጃቸው ወረቀቱን ሰጡት፤ ልጁም አንብቦ አጠፈውና በኪሱ ከተተው፤ እኛም ምን ይላል ብለን አልጠየቅንም፥ ፊቱን ስላየን።

ነጩን ጠጠር ያሸነፈው የየትኛው ቡድን እንደ ሆነ ገና ክርክር ያለበት ስለ ሆነ በዚህ መድረክ አንናገረውም። ሁለተኛው ዙር በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ይጀመራል። ወላጆች ሁሉ፥ ቼዝ የማታውቁም ብትሆኑ፥ መምጣት ትችላላችሁ፤ መድኃኒት የምትወስዱ ግን አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለመመዝገቢያ የሚከፈል ነገር የለም፤ የኮት ኪስ ግን ይፈተሻል።