ዱቄት ላይ ማዕቀብ የለም፤ ታዲያ ለምን ተወደደ?



በማዕከላዊ ገበያ ሱቅ ያለን ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደጋግመን የተጠየቅነውን ነገር ላንሣ። «በሩሲያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እህልና መድኃኒት አይነካም ተብሏል፤ ታዲያ ዱቄቱ ለምን ተወደደ?» ትሉናላችሁ። ጦርነቱ ራሱ የዩክሬንን ወደቦች ዘግቶ እንደነበር የታወቀ ነው። እኔ የምናገረው ብዙ ስለማይወራለት ስለ ሌላው ምክንያት ነው።

ማዕቀብ የጣለው መንግሥት ዕቃውን ይፈቅድ ይሆናል። ዕቃ ግን ብቻውን አይሄድም። ኤልሲ የሚከፍት ባንክ፣ ክፍያውን የሚቀበል ሌላ ባንክ፣ ኢንሹራንስ የሚገባ ድርጅት፣ ጭነቱን እሺ የሚል መርከብ ይፈልጋል። ከነዚህ አንዱ «ይቅርብኝ» ካለ የተፈቀደውም ስንዴ ወደብ ላይ ይቀራል።

የጎረቤታችንን የሱዳንን ነገር ተመልከቱ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ጠቅላላ የንግድ ማዕቀብ ጣለችባት። ገበያ ቀረብን ያሉት የራሷ ገበሬዎች ሲወተውቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ምግብና መድኃኒት ማዕቀብ ወዳለባቸው አገሮች በፈቃድ እንዲላክ ሕግ ወጣ። በወረቀት በሩ ተከፈተ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ባንክ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ገንዘብ አስተላልፈሃል ተብሎ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተቀጣ። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ካርቶን መድኃኒት ኮሚሽን ብሎ ራሱን አደጋ ላይ የሚጥል ባንክ ማን ነው? ብዙዎቹ ከሱዳን እጃቸውን ሰበሰቡ። የካርቱም መድኃኒት አስመጪ ፈቃዱ በእጁ እያለ ገንዘብ የሚልክበት መንገድ ጠበበው። ማዕቀቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የሚገርመው፣ ለለስላሳ መጠጥና ለከረሜላ የሚያስፈልገው የሱዳን ሙጫ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አሜሪካ ይገባ ነበር። ለለስላሳው ጊዜ መንገድ አልጠፋም!

የሩሲያም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እህሏና ማዳበሪያዋ አልተከለከለም፤ የእርሻ ባንኳ ግን እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ስዊፍት ከተባለው የባንኮች መገናኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። ጎጃም ያለው ወገናችን ማዳበሪያ የሚደርሰው በዚሁ በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሆነ፣ ጭማሪው እርሻው ድረስ ተከተለው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2022 «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ እርዳታ ይዛ እዚሁ ደረሰች። ያቺ መርከብ ከጥቁር ባሕር እንድትወጣ የተባበሩት መንግሥታትና ቱርክ መሸምገል ነበረባቸው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ከስምምነቱ ስትወጣ ካሰማቻቸው ቅሬታዎች አንዱ የዚያ የእርሻ ባንክ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ ሱቅ መጥታችሁ ስትጠይቁን የምንመልሰው ይህንን ነው። ሆኖም ለእኛ ለነጋዴዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ የሙያ ወንድሞቼ አይቀየሙኝ። በድሮ ዋጋ ገብቶ መጋዘን የከረመ ዱቄት ላይ አዲስ ዋጋ ለጥፎ «ማዕቀብ ነው» ማለት አይሆንም። ደንበኛ «ይኼ መቼ የገባ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እኔንም ጠይቁኝ፤ ደረሰኙን አውጥቼ አሳያችኋለሁ።