ገበሬም ጡረታ ይወጣል

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለው ቀን ስለተሸጠው ምርትና ስለተሠራው መጋዘን መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን በስብሰባዎቻችን ብዙም ስለማናነሳው ጉዳይ፣ ስለ እርጅናችን፣ እንድንነጋገር እፈልጋለሁ።

«ጡረታ» የሚለው ቃል የመጣው «ጦረ» ከሚለው ነው። ወላጅን መጦር ማለት ጉልበቱ ሲደክም ማብላት፣ ማልበስና ማስታመም ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ብለን የምንመራረቀውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ግን ጡረታ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ደመወዝተኛው ብቻ ነው። ገበሬ ጡረታ የሚወጣ አይመስለንም። ይወጣል እንጂ! ልዩነቱ ለገበሬ የጡረታ ደብዳቤ የሚጽፍለት አለመኖሩ ነው። አንድ ክረምት እርፉ ከእጁ ይከብደዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ማሳውን ለእኩል ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው።

እስቲ የዩኒየናችንን ሠራተኞች እንመልከት። የጥበቃው፣ የመጋዘን ኃላፊውና የሂሳብ ሠራተኛው በየወሩ ለጡረታ ይቆረጥላቸዋል። በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ተጀምሮ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 በተተካው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። በድምሩ ከ100 ብር 18 ብር መሆኑ ነው። ሠራተኛው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው በየወሩ አበል ያገኛል። ይህ የሚገባው መብቱ ነው። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ወጪ ምንጭ የሆነውን እህል ያመጣው አባል ለራሱ እርጅና የተቆረጠለት አንድም ብር የለም። ለእኛ 11 በመቶውን የሚጨምርልን አሠሪ ስለሌለ ሁለቱንም ድርሻ ራሳችን ልንሸከም ይገባል።

«ልጆቼ ይጦሩኛል» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ልጅ ይባረክ። ሆኖም መሬቱ በየትውልዱ እየተሸነሸነ ሄዷል። አንዱ ልጅ ከተማ ገብቶ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ሌላዋ አረብ አገር ሄዳለች። ልጅን ለመላክ በሬዎቹን ሸጦ ባዶ በረት የታቀፈ አባት በየቀበሌው አለ። ልጅ እንዲጦረን መመኘት ተገቢ ነው፤ ሸክሙን በሙሉ በእሱ ላይ መጣል ግን ልጁንም እኛንም ይጎዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አምስት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛው ቁጠባ ነው። ገበሬ የወር ደመወዝ ስለሌለው በወር ሳይሆን በምርት መቆጠብ ይቀለዋል። በዓመት 20 ኩንታል የሚሸጥ አባል ከእያንዳንዱ ኩንታል 300 ብር ቢያስቀር በዓመት 6,000 ብር ይሆናል። ከ40 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 60 ዓመቱ ቢቀጥል ወለድ ሳይቆጠር 120,000 ብር ይደርሳል። ገንዘቡ ለሠርግና ለተዝካር የማይነካ፣ በተለየ ደብተር የተያዘ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ያለ በሬ የሚያበላ ሀብት ነው። የኑሮ ውድነት የብርን አቅም ስለሚቀንስ ቁጠባ ብቻውን አይበቃም። ቡና ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ዓመት ፍሬ መስጠት ይጀምራል። ባሕር ዛፍ ከ5 እስከ 7 ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከእርሻ ማሳና ከምንጭ አርቆ መትከል ግን ግዴታ ነው። ጥቂት የንብ ቀፎና የጓሮ ፍራፍሬም ለሽማግሌ ጉልበት ይመጥናሉ። እነዚህን የምንተክለው ግን ጉድጓድ መቆፈር በምንችልበት ዕድሜ ነው።

ሦስተኛው መሬትና ሰነድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የይዞታ መብትን ግን በሕግ መሠረት ማከራየትና ማውረስ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝም ፈቅዷል። ይህ ለብርቱ ሰው ዕድል ነው፤ ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ መጦሪያውን ያሳጣዋል። የባልና የሚስት ስም በይዞታ ደብተሩ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። መሬት ለእኩል ስትሰጡ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ለመሬት ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። ሁሉን በቁማችሁ አከፋፍላችሁ ባዶ እጃችሁን አትቅሩ። በማኅበሩ ያላችሁን ዕጣም ማን እንደሚወርስ አስመዝግቡ። ይህ ሁሉ ባልየው ሲያልፍ ሚስት ከገዛ ጎጆዋ እንዳትፈናቀል ይረዳል።

አራተኛው ጤና ነው። አንድ ሕመም የ20 ዓመት ጥሪትን ሊጨርስ ይችላል። በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ለዚህ የታሰበ ነው። መዋጮውን በየዓመቱ ሳታቋርጡ ክፈሉ፤ እድሳቱ የሚረሳው ጤነኛ በሆንንበት ዓመት ነውና።

አምስተኛው የኑሮ ትርጉም ነው። ሰው የሚያረጀው ጉልበቱ ሲደክም ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሲያጣም ጭምር ነው። ሽምግልና፣ እድር፣ የማኅበሩ የቁጥጥር ሥራ፣ ዘር መምረጥና ማስተማር እርፍ አያስይዙም። ወጣቱ የማያውቀውን የአፈሩንና የዝናቡን ጠባይ የሚያውቁት አረጋውያን አባሎቻችን ናቸው። በየስብሰባው ወንበር ብቻ ሳይሆን ሥራም እንስጣቸው።

በመጨረሻም ለአመራሩና ለወረዳ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ምርት ስንረከብ አባሉ በፈቃዱ በየኩንታሉ የሚያስቆርጠው «የእርጅና ቁጠባ» በገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት በኩል ቢጀመርስ? በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባላት በጠቅላላ ጉባኤ በራሳቸው ጉዳይ ይወስናሉ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ፣ የሂሳብ አሠራሩም አስቀድሞ እንዲጠና እጠይቃለሁ። ዛሬ 30 እና 40 ዓመት የሆናችሁ ወጣት አባላት በተለይ ይህን ውሳኔ ለአባቶቻችሁ ብቻ የሚሆን አድርጋችሁ አትዩት፤ ጊዜው ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

ፈጣሪ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን፤ እኛም ለራሳችን የምንጦር ያድርገን።