ፎቶንን አንድ በአንድ መቁጠር



በኢጣልያ አገር፣ ከግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1400 ሜትር ገደማ በሚሆን አለት የተሸፈነ ቤተ ሙከራ ይገኛል። ከጠፈር ከሚወርደው ጨረር አብዛኛውን አለቱ ያስቀራል። ለዚህ ሥፍራ የተነደፈው ዳርክሳይድ-20ኬ የተባለ ሙከራ፣ በስበቱ ብቻ የታወቀውን ጨለማ ቁስ አካል በፈሳሽ አርጎን ውስጥ ይሻል። ቅንጣቱ ከአርጎን አቶም ጋር ቢጋጭ የሚገኘው ምስክር ጥቂት ፎቶን ነው።

ፎቶንን ለመቁጠር ለብዙ ዘመን ያገለገለው የመስታወት ፎቶመልቲፕላየር ቱቦ ነው። ይሁን እንጂ በቱቦው አካል ያለው ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ራሱ የሐሰት ምልክት ያስነሣል። በምትኩ የተመረጠው ሲሊኮን እጅግ ንጹሕ ነው፤ በላዩም በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሕዋሶች ተደርድረዋል። ፎቶን አንዱን ሕዋስ ሲመታ የተላቀቀው ኤሌክትሮን እንደ ናዳ ሌሎችን እያስከተለ እስከ ሚሊዮን ገደማ ይበዛል፤ ከዚያም ሬዚስተሩ ናዳውን ይገታዋል።

ችግሩ ናዳው ያለ ብርሃንም መነሣቱ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት፣ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ በየሴኮንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሐሰት ምልክት ይነሣል። አርጎን ፈሳሽ በሚሆንበት ቅዝቃዜ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 186 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቁጥሩ ከአንድ በታች ይወርዳል። ነገር ግን ሌላ እንከን ይቀራል፤ ናዳው የሚያመነጨው ብርሃን ወደ ጎረቤት ሕዋስ ሾልኮ አንዱን ፎቶን ሁለት ያስመስለዋል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል መሣሪያው ይበልጥ ያያል፤ ያላየውንም ይበልጥ ይመሰክራል። በዓመታት ጥበቃ አንድ ምልክት ቢገኝ የሚታመነው፣ ባለሙያው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ልኩን ጠንቅቆ ካስቀመጠ ነው።