የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

በተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ስለ ሙያችን አንድ ነገር እንድል ሲጠይቁኝ፣ ስለ ሐኪም ሳይሆን ስለ ፖሊስ ላወራ መረጥኩ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ ዋርዳችን እመለሳለሁ።

ኪራን ቤዲ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሕንድን ብሔራዊ የፖሊስ አገልግሎት በመኮንንነት የተቀላቀሉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ1980ዎቹ በሰሜን ደልሂ ሲሠሩ ከብዙው ስርቆት ጀርባ የዕፅ ሱስ እንዳለ ስላዩ፣ በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ የሱስ ሕክምና አስጀመሩ። በእኛ አነጋገር፣ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን በሽታውንም አከሙ ማለት ነው።

በ1993 ቲሃር የሚባለው ትልቁ የደልሂ ወህኒ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ግቢው ውስጥ ከ9,000 በላይ ሰው ታጭቋል፤ አብዛኛው ገና ፍርድ ያልተሰጠው ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? መጀመሪያ በእግራቸው እየዞሩ ጠየቁ፤ ልክ እኛ ራውንድ እንደምንለው። ቀጥሎ የአቤቱታ ሣጥን በየክፍሉ እንዲዞር አዘዙ፤ ወረቀቱም በቀጥታ ለእሳቸው ቢሮ ይደርሳል። እስቲ አስቡት፤ በጠባቂው ላይ የሚጻፍ አቤቱታ በዚያው በጠባቂው እጅ የሚያልፍ ቢሆን ማን ይጽፍ ነበር?

ከዚያ የተማረው እስረኛ ያልተማረውን ፊደል አስቆጠረ። ትምባሆ ተከለከለ። በሚያዝያ 1994 ከ1,000 በላይ እስረኞች ቪፓሳና የሚባለውን የዝምታ ተመስጦ ለዐሥር ቀን ያህል አብረው ተቀመጡ። በዚያው ዓመት የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጣቸው።

ስለ ቅድስት እያወራሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ1988 በእሳቸው ሥር የነበሩ ፖሊሶች ሰልፈኛ ጠበቆችን በዱላ ደብድበው፣ ጉዳዩ በአጣሪ ኮሚቴ ታይቷል። እኔን የሳበኝ የሰውዬዋ ደግነት ሳይሆን አሠራሩ ነው። ያለ ዱላ መምራት ቸርነት ብቻ አይደለም፤ መዞር፣ መስማት፣ መልስ መስጠት የሚጠይቅ የየቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው እስረኛ አይደለም፤ ግን ተነሥቶ የትም አይሄድም። ሲያመናጭቁት ዝም የሚለው ነገ መርፌውን የሚወጋው ያው ሰው ስለሆነ ነው። በየኮሪደሩ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው? መቼ ተከፈተ? ለጻፈውስ ሰው ማን መለሰለት?

ማኅበራችን ዘንድሮም ለሆስፒታላችን መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ያሰባስባል፤ ደስ ይለኛል፣ እኔም አዋጣለሁ። ከዚሁ ጋር አንድ ምንም ገንዘብ የማይፈልግ ሐሳብ ላቅርብ፦ የሣጥኑን ቁልፍ ከዋርዱ ውጭ የሆነ ሰው ይያዝ፤ በየሳምንቱ ይከፈት፤ መልሱም በግልጽ ይለጠፍ። መምህሮቻችን፣ ታካሚውን ሳትሰሙ እጃችሁን አታሳርፉ ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁና፣ ይህንንም ከእኛ ጋር ጀምሩት።