ባሕር ማዶ የምትዘገይ ኳስ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ ሳይሆን ስለ ጨዋታ በመሆኑ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ማሪዮ ቴኒስ ኤይሲዝ» እ.ኤ.አ. በ2018 ለኒንቴንዶ ስዊች የወጣ የካርቱን ቴኒስ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ፣ ታናሽ ወንድሜ ከዋሽንግተን ሆነን በኢንተርኔት እንጋጠምበታለን።

ጨዋታው ለሣቅ የተሠራ ቢመስልም በጊዜ ረገድ ጥብቅ ነው። ተጋጣሚው አነጣጥሮ የላከውን ኃይለኛ ምት በትክክለኛዋ ቅጽበት ያልመከተ ሰው ራኬቱ ይጎዳበታል፤ ራኬቶቹ ተሰብረው ካለቁ ግጥሚያው ያበቃል። የወንድሜ ራኬት ደጋግሞ ሲሰበር «መስመሩን ሆን ብለህ ታዘገያለህ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ብደውልለት አላነሣልኝም።

ስለዚህ ስሌቱን ጽፌ ላክሁለት። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በመካከላችን ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ እንኳ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 115 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው፤ በሴኮንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ ይህ ወደ 7 ምስል ይጠጋል። የገመዱ መጠማዘዝና በየመገናኛ ጣቢያው ያለው ወረፋ ገና አልተጨመረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዊልያም ሂጊንቦተም በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ በኦሲሎስኮፕ ላይ ያሳየው ቴኒስ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ መሣሪያ ፊት ይቆሙ ነበርና።

ወንድሜ አንብቦ ደወለ። «ታዲያ ያንተ ራኬት ስለ ምን አይሰበርም?» ሲል ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ርቀቱ ለሁለታችንም አንድ ነው፤ እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ብቻዬን እለማመድ ነበር። ይህን በስሌቱ ውስጥ አልጻፍሁትም።