ከማካፈልህ በፊት ዘርህን እወቅ
ባለፈው ዓመት ከሱፐር ከገዛሁት ቲማቲም ዘር አውጥቼ ለጎረቤቶቼ አካፈልኩ። ፍሬው ግን አንዱ ሌላውን አልመስል አለ። አፈርኩ! ለካ የተዳቀለ ዝርያ ኖሯል፤ የእሱ ዘር እናቱን አይመስልም።

አያቴ ሳቀችብኝ። ጎንደር ሳለች የበርበሬ ዘር ለይታ ታስቀምጥ ነበር። «ለሰው የሚሰጥ ዘር አስቀድሞ ይፈተናል» አለችኝ።

ዘንድሮ ከአንዲት ጎረቤት ያልተዳቀለ ዘር ተቀያየርኩ። በሚርፔሴት ላይ በቅሎ ሲያፈራ ከበሰለው ዘሩን ከነጭማቂው በብርጭቆ 2 ወይም 3 ቀን አቆየሁት፤ ልጋጉ ሲለቅ አጥቤ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። ፖስታው ላይ ዝርያውንና ዓመቱን ጻፍኩ።

ለጎረቤቶቼ በድጋሚ ሳድል አያቴ አጠገቤ ነበረች። እናንተም አያቶቻችሁን አሁኑኑ ጠይቁ፤ የእነሱ እውቀት በፖስታ አልተጻፈም።