ደጋግሞ የሚፍቅ ተማሪ
(ለወላጆችና ለመምህራን ከተደረገ ንግግር)



አንድ ፊደል ጽፎ፣ ፍቆ፣ ደግሞ ጽፎ ወረቀቱ እስኪቀደድ የሚደጋግም ልጅ አለ። ሌላዋ ታጥባ እንደተመለሰች እንደገና ልታጠብ ትላለች። ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት መጠለያ ይህ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ እናቶች ታውቃላችሁ። ነገር ግን እልህ ወይም ጥጋብ አይደለም። ሳይፈልገው የሚመጣ ሐሳብ «ካልደገምከው ክፉ ይደርሳል» እያለ ልጁን ያስጨንቀዋል። ከ100 ልጆች 1 ወይም 2 የሚሆኑትን የሚይዝ ሕመም ነው።

ዱላ ጭንቀቱን ያብሰዋል። መምህሩ በፈተና ጊዜ ይጨምርለት፤ መጻፍ ካቃተው በቃል ይጠይቀው። ላጲሱን ትቶ ስሕተቱን በአንድ መስመር ሰርዞ እንዲያልፍ ያለማምደው። ሲጨንቀው ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ እንዲመለስ ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት ምልክት ይግባቡ።

ሁሉን መፍቀድ ግን ሕመሙን ያጠናዋል። በቀን አሥር ጊዜ ወደ ቧንቧ የሚሄደውን፣ ከወላጅና ከራሱ ከልጁ ጋር ተስማምቶ በዚህ ሳምንት ስምንት፣ በሚቀጥለው ስድስት እያሉ መቀነስ ነው። «እጄ ንጹሕ ነው?» ብሎ ሲመላለስ አንድ ጊዜ መመለስ ይበቃል።

ጠበልም ሆነ ዱዓ አልከለክልም። ሆኖም ወደ ክሊኒክም አምጡት፤ ፍርሃቱን በጥቂት በጥቂቱ እየተጋፈጠ የሚለማመድበት ሕክምና አለ፣ መድኃኒትም አለ። ለመምህሩም ለብቻው ንገሩት፤ በሰልፍ ላይ፣ ልጆች በሚሰሙበት አይሁን።